ቄጠማው ለማን ነበር

አንድ ጊዜ፣ እንጆሪ ተለቅሞ ሊያልቅ ጥቂት ሲቀረው፣ አባ ኤሊ የሚባሉ ሽማግሌ መርዶ ተሸክመው ወደ ጃርቶች ደጅ ሲጓዙ ዋሉ። ከላኳቸው አውሬዎች መካከል እሳቸውን የማይቀድም አልነበረም። ሚዳቋ ብትላክ ምራቅ ሳይደርቅ ትደርስ ነበር። በዚያ አገር ግን መርዶ አይሮጥም። መርዶ የሚሰጠው ለቀርፋፋ ነው፤ ሐዘንተኛው ሳያውቅ የሚውልበት እያንዳንዱ ሰዓት ከደጉ ዘመን ላይ የተጨመረለት ነው ይላሉ።

የጃርቷ ስም ወስፌ ነው። ባሏ እሾሄ በማለዳ «ቄጠማ አጭጄ መጣሁ» ብሎ ወደ ወንዝ ወርዷል። እሷ በጓሮዋ ውስጥ የመጨረሻዎቹን የእንጆሪ ፍሬዎች ትለቅማለች። ቀይ ፍሬውን ሳብ ስታደርገው እንደ ቆብ ይወልቅና ነጭ እምብርቱ እዘንጉ ላይ ይቀራል።

በመጀመሪያ ቆቂት መጣች። ቆቂት ከእንጆሪው ሥር ጎጆዋን የሠራች ቆቅ ናት። አንድ ቦታ ረግታ የማታውቀው ወፍ ዛሬ አጥሩ ሥር ቁጭ አለችና ዝም አለች። ቀጥላ ጥንቸል መጣች፤ እሷም ቁጭ አለች። ከዚያ ሚዳቋ፣ ከዚያ ሽኮኮ።

«ምነው ዛሬ ሁላችሁም ሥራ ፈታችሁ?» አለች ወስፌ። «ለቅሞ መብላት እንጂ ለቅሞ ማገዝ አታውቁም ብዬ ነበር።»

ማንም አልሳቀም። ወስፌ የያዘችውን ፍሬ አስቀመጠች። ወደ መንገዱ አየች። ከወንዙ በኩል አባ ኤሊ ይመጣሉ፤ በድንጋይ ልብሳቸው ላይ አንድ እስር ቄጠማ ተጭኗል። ቋጠሮውን ከሩቅ ለየችው። ሁለት ጊዜ ዞሮ ጫፉ ከሥር የሚገባ ቋጠሮ ነው፤ እንዲህ የሚያስር አንድ ጃርት ብቻ ነበር።

«ማን ነው ያሰረው?» አለች ኤሊው ሲደርሱ።

«እሱ ነው ልጄ።»

«እሱስ?»

«ላይ አገር ዘንቦ ኖሮ ወንዙ ዳሩን ከሥር በልቶታል። ቄጠማውን አስሮ ሲያበቃ የቆመበት አፈር ተናደ። እዚያው ነው። እኛ የቀረውን አፈር መለስንበት እንጂ ቀድሞ የቀበረው ወንዙ ነው።»

ጃርት ሲያዝን እሾሁ ሁሉ ይቆማል። ስለዚህ የጃርት ሐዘንተኛን አቅፎ የሚያጽናና የለም። ጎረቤቶቹ ዙሪያዋን ከበው ከሩቅ አለቀሱ። ወስፌ መሐላቸው ቆማ እንዲህ አለች፦ «ሙት ዓመቱን ከገዛ ተክሉ ነው የማበላችሁ። ሁላችሁም ከእሱ እንጆሪ በልታችሁ ነፍስ ይማር ትሉለታላችሁ። ይህን አደርጋለሁ ብዬ በፊታችሁ ቃል ገባሁ።»

ከዚያም ቄጠማውን ወደ ጎሬዋ አስገባችና እሱ ይተኛበት በነበረው በኩል አጋደመችው።

ክረምቱ መጣና ሄደ። በአራት መደብ የተተከለው እንጆሪ በዝናቡ ተሳክሮ አደገ። ዘንድሮ ያፈሩት ቡናማ ዘንጎች እሾሄ ካስማ ላይ እንዳሰራቸው ቆመዋል። ከሥራቸው የወጡት አረንጓዴ ለጋዎች ደግሞ የሚይዛቸው ስላጡ ወዲህም ወዲያም ይወድቃሉ፤ በቡናማዎቹ ላይ ይጠመጠማሉ፤ መሬት ይነካሉ። በውስጡ ነፋስም ፀሐይም አያልፍም። ዙሪያውን ያለው የእሾህ አጥርም እዚህም እዚያም ተደፍቷል። አጥሩን በየዓመቱ፣ ከለቀማ በኋላ፣ የሚያድሰው እሾሄ ነበር።

በዚያ ቤት ለቃሚዋ እሷ፣ ከርካሚው እሱ ነበር። እሱ ጓሮ ወጥቶ በጥርሱ ሲከረክም እሷ ጎሬ ውስጥ ሆና ለክረምት የሚሆነውን ፍሬ ታደርቃለች። ቅርጭ፣ ቅርጭ የሚለውን ትሰማለች። ስትወጣ ጓሮው ጸድቶ፣ አጥሩ ታድሶ ታገኘዋለች። የትኛው እንደተቆረጠ፣ የትኛው እንደቀረ ጠይቃ አታውቅም። የሚጠየቅ ነገር መሆኑንም አላሰበችም።

አሁን መቀመጥ አቃታት። ትወጣለች፣ ትገባለች። አዲስ ጉድጓድ ትጀምርና ሳትጨርስ ትተወዋለች። ውሃ ልትጠጣ ትሄድና ከግማሽ መንገድ ትመለሳለች። ወደ በሩ ትሄዳለች፣ መንገዱን ታያለች፣ ትመለሳለች፤ ደግሞ ትሄዳለች።

«ማንን ነው የምትጠብቂው?» አለቻት ቆቂት።

«ማንንም።»

«እንግዲያው ተቀመጪ። ጫጩቶቼ የእግርሽን ኮቴ እየሰሙ እንቅልፍ አጡ።»

«ተቀምጬ ምን ልሥራ?»

«ይህን ተክል ከርክሚዋ። እርስ በርሱ ሊናነቅ ነው። በዚህ ዓይነት ለሙት ዓመቱ ቅጠል ነው የምታበይን። አያ እሾሄ ይቆርጥለት ነበር።»

«የቱን?»

«እኔ ምን አውቄ። እኔ የማውቀው ሥሩን ነው።»

ወስፌ አልቆረጠችም። አለማወቋ አንድ ነገር ነው፤ ሌላም ነገር ነበር። በጃርቶች ልማድ የሟች እጅ ያሰረው ነገር ዓመቱ ሳይሞላ አይፈታም። ፈትታ የተገኘች ሚስት ባሏን ደግማ ገደለችው ይባላል። በቡናማዎቹ ዘንጎች ላይ ደግሞ የእሾሄ ቋጠሮ አለ። ወስፌ በየማለዳው በአፍንጫዋ እየነካች ትቆጥራቸዋለች፤ ከዚያ ቁጥሩ ይጠፋባትና እንደገና ትጀምራለች።

ቀበሮ ይህን ሁሉ ከጉብታው ላይ ሆኖ ያያል። ቀበሮን ያስጎመጀው እንጆሪው አልነበረም። የቆቂት ጫጩቶች ናቸው። እሾሃሙ ጥሻ ከላይ፣ አጥሩ ከጎን ሆነው አላስደርስ ብለውት ኖረዋል። አጥሩ ሲደፋ አየ። አሁን ጥሻውን ማንሳት ብቻ ቀርቶታል፤ ለዚያ ደግሞ የራሱን አፍ በእሾህ ማስወጋት አልፈለገም።

አንድ ቀን ረፋዱ ላይ አንገቱን ደፍቶ፣ ዓይኑን እያሸ መጣ።

«እሜቴ ወስፌ፣ እግዜር ያጽናዎት። ዘገየሁ። ሐዘኑ አላስነሳ ብሎኝ ነው። እኔና አያ እሾሄ እኮ አብሮ አደግ ነን።»

«አንድም ቀን ስምህን አላነሳም።»

«እንዴት ያነሳል? ምሥጢር ጠባቂ ነበር።» ቀበሮ ጓሮውን ቃኘና ራሱን ነቀነቀ። «ወይ ጉድ። የእሱ ጓሮ እንዲህ ይሁን? ለሙት ዓመቱ ቃል ገብተዋል ሲሉ ሰማሁ። ከዚህ ውስጥ ምን ሊለቅሙ ነው?»

«እሱን ነው እኔም የምለው። መከርከም አለበት አሉኝ። የቱን እንደምቆርጥ አላወቅሁም።»

«አይ እሜቴ፣ ይህ ሊጠፋዎት ነው? እነዚህን ቡናማዎቹን ይመልከቱ። ዘንድሮ ማን አበላዎት?»

«እነሱ።»

«እነዚህ አረንጓዴዎቹስ? ዓመቱን ሙሉ ውሃ ሲጠጡ፣ ፀሐይ ሲሞቁ ኖሩ። አንድ ፍሬ አሳይተዋል?»

«አላሳዩም።»

«እንግዲያው ፍርዱ ምን ይከብዳል? ያበላ ይቆያል፣ በልቶ የተኛ ይነሳል። ደግሞም ባልዎ ያሰራቸው ቡናማዎቹን ነው። ቋጠሮው ሳይፈታ፣ ልማዱ ሳይፈርስ፣ ጓሮው ይጸዳል። እሱ የነካው አንድም ነገር አይነካም።»

ወስፌን የያዛት ይህ የመጨረሻው ቃል ነው። እሱ የነካው አይነካም። ለብዙ ቀን የፈለገችውን ቃል ሌላ ሰው አፍ ውስጥ አገኘችው።

«ቆራጭ የለኝም» አለች። «የእኔ ጥርስ ዘንግ ቆርጦ አያውቅም።»

«ቆራጭ እኔ አመጣለሁ። አጥንት የሚሰብር መንጋጋ ያለው ነው። ምንም አይጠይቅዎትም፤ ሙት ዓመቱ ላይ ብቻ ይጥሩት።»

በማግስቱ ቀበሮ ጅብን እየመራ መጣ። ጅብ ገና ከአጥሩ ውጭ ሳለ አየሩን አሸተተ።

«ሥጋው የታለ?»

«አያ ጅቦ፣ ሥጋው ሙት ዓመት ላይ ነው አልኩህ» አለው ቀበሮ።

«ሙት ዓመቱ ዛሬ ነው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ዛሬ ለምን መጣሁ?»

«ልትቆርጥ። ዛሬ ትቆርጣለህ፣ ያኔ ትበላለህ።»

ጅብ ይህን ነገር አመነዠከው። «መጀመሪያ በልቼ ከዚያ ብቆርጥ ግን ኃይል ይኖረኝ ነበር» አለ። ሰሚ ሲያጣ ግን ላይኛው መደብ ላይ ገባና አረንጓዴዎቹን ዘንጎች ከሥራቸው ይቆርጥ ጀመር። መንጋጋው በተገጠመ ቁጥር አንድ ለጋ ይወድቃል። ቀበሮ ከአጥሩ ውጭ ተቀምጦ ያዛል። ቆቂት ጫጩቶቿን ሰብስባ ወደ ታችኛው መደብ ሮጠች።

«ምነው ጫፍ ጫፉን ብቻ አይቆርጥ?» አለች ለወስፌ። «ጣሪያዬን ነው እኮ የሚያፈርሰው።»

«ቡናማዎቹ ይቀሩልሻል።»

«እነሱማ ቅጠላቸው ረግፏል። ከሥራቸው ሆኜ ሰማዩን አየዋለሁ። እኔ ካየሁት እሱም ያየኛል።»

ወስፌ ይህን እንዳልሰማች ሆና ሄደች። ሄዳም አልቆየችም፤ ተመለሰች። ከተቆረጠው ለጋ ውሃ ይንጠባጠባል። ጎሬዋ ገባች፣ ወጣች፣ ደግሞ ገባች። ልቧ ቅር ብሎታል፣ ምን እንዳለው ግን አይነግራትም።

ጅብ ቀና ብሎ ከንፈሩን ላሰ። «ቀበሮ፣ ይህ ለስላሳ ነው፤ ውሃ ይተፋብኛል። ያኛውን ቡናማውን ብቆርጥስ? እሱ እኮ ውስጡ ባዶ ነው። ቀድሞ ሞቷል።»

«አንተ ቁረጥ እንጂ አታስብ።»

«እሺ። ማሰብ ደግሞ ያስርበኛል።»

ወስፌ ደግማ ጎሬዋ ስትገባ ዓይኗ ቄጠማው ላይ አረፈ። ደርቋል፤ ቋጠሮው ግን እንዳለ ነው። ቆማ አየችው። እሾሄ በዚያ ቀን ቄጠማ ሊያጭድ ወረደ። ቄጠማ በጃርት ቤት አንድ ሥራ ብቻ አለው፤ እንጆሪን ከካስማ ማሰሪያ ነው። ቡናማዎቹ ግን በዚያን ጊዜ ሁሉም ታስረው ነበር። አንድ ያልታሰረ ቡናማ የለም። በየማለዳው የምትነካካቸው እሷ ናት፣ ይህን ከእሷ በላይ የሚያውቅ የለም።

ታዲያ ቄጠማው ለማን ነበር?

ወጣችና ቀበሮ ዘንድ ሄደች። «አብሮ አደጉ ነኝ ብለሃል። እሾሄ በዚያ ቀን ቄጠማ የፈለገው ለምን ነበር?»

ቀበሮ ዓይኑን ጨፈን ከፈት አደረገ። «ለ... ለመኝታ ነዋ። ጉዝጓዝ ሊያነጥፍልዎት።»

«ጃርት ቄጠማ ላይ አይተኛም። እሾሃችን ይበታትነዋል።»

«እንግዲህ ለሌላ ነገር ይሆናል። አሁን ሟች የሄደበትን መንገድ መመርመር ምን ያደርግልዎታል?»

የወስፌ ዓይን ቀበሮ የተደገፈው አጥር ላይ ነበር። አምና እሾሄ የሠራው አጥር ነው። ደርቆ ግራጫ ሆኗል። ጠጋ አለችና በአፍንጫዋ ነካችው። እሾሁ የእንጆሪ እሾህ ነው። ከፍ ብላ አየች። በእያንዳንዱ የአጥር ዘንግ ጫፍ ላይ፣ ተሸብሽቦ፣ ደርቆ፣ አንድ ትንሽ ነገር ተጣብቋል፤ ፍሬው ሲለቀም የሚቀረው እምብርት። እዚህም፣ እዚያም፣ ከላይ እስከ ታች። እነዚህን ፍሬዎች የለቀመቻቸው ራሷ ናት።

እሾሄ ይቆርጥ የነበረው ያፈራውን ነው። ያፈራ ዘንግ ዳግም አያፈራም። ቆርጦ አጥር ያደርገዋል። ያላፈራውን ለጋ ደግሞ በአዲስ ቄጠማ ያስረዋል፤ ለከርሞ የሚያበላው እሱ ነው። የወንዙ ዳር የተናደበት ለእነዚህ ለጋዎች ማሰሪያ ሲል ነበር።

«አያ ጅቦ» አለች ቀስ ብላ። «አፍህን ክደን።»

«ገና ሁለተኛውን መደብ አልጀመርኩም።»

«አልቋል።»

«ቀበሮ፣ አልቋል ትላለች።»

«ቀጥል» አለ ቀበሮ።

ወስፌ ጀርባዋን ሰጠቻቸው። ጃርት ጀርባውን ሲሰጥ የሸሸ የሚመስለው ጃርትን የማያውቅ ነው። እሾኋን አንኮሻኩሻ ወደ ኋላ መሄድ ጀመረች። ጅብ አየ፣ አሰበ፣ ለአንድ ቀን ይበቃኛል ብሎ ከመደቡ ወጣ። ቀበሮም ጉብታውን ሲወጣ ዞር ብሎ፣ አንቱታውን ትቶ እንዲህ አላት፦

«ምን ልታደርጊ ነው? ቡናማውን ልትቆርጪ? ቋጠሮውን ልትፈቺ? ፍቺውና አገሩ ሁሉ ይስማልሽ። ባሏን ሁለቴ የገደለች ይበሉሽ።»

ይህ ቃል ከእሾህ በላይ ወጋት። ላይኛው መደብ ጠፍቷል። የቀረው እንዲተርፍ ቡናማው መቆረጥ አለበት፤ ቡናማው እንዲቆረጥ ቋጠሮው መፈታት አለበት። አፏን ቋጠሮው ላይ ታሳርፋለች፣ ታነሳለች። በመጨረሻ ሽኮኮን ወደ አባ ኤሊ ላከች። ሽኮኮ ወዲያው ተመለሰ፤ አባ ኤሊ ግን ሲመጡ ሰነበቱ። እሷም እየወጣች መንገዱን ስታይ ሰነበተች። በዚህ ጊዜ የምትጠብቀውን ታውቀው ነበር።

«ልማዱን ማን አወጣው፣ አባ?» አለቻቸው እንደደረሱ።

«የጥንት ጃርቶች ናቸው። ሟች ድንገት ቢመለስ ነገሩን እንዳስቀመጠው እንዲያገኝ ብለው ነው።»

«ሟች ይመለሳል?»

«እኔ ይህን ያህል ዘመን ኖሬ ሲመለስ አላየሁም። ግን መንገድ ላይ ብዙ ነገር አይቻለሁና አይመለስም ብዬ አልምልም።» ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «እስቲ አንቺ ንገሪኝ። እሾሄ አሁን በዚያ በር ቢገባ መጀመሪያ ምን ይጠይቅሻል? ቋጠሮዬ እንዳለ አለ ወይ ይልሻል?»

ወስፌ ወደ በሩ አየች። እሾሄ ከመንገድ ሲገባ እግሩን ሳያራግፍ ወደ ተክሉ የሚሄድ ነበር።

«አይልም» አለች። «ለጋዎቹን አሰርሻቸው ወይ ነው የሚለኝ።»

«ታዲያ ይህን እያወቅሽ ሽማግሌ ታንከራትቻለሽ? እኔ እኮ ለመመለስም መንገድ አለብኝ።»

በማግስቱ ማለዳ ጀመረች። የመጀመሪያው ቋጠሮ አልፈታ አላት። ሁለት ጊዜ የዞረውን ተከትላ፣ ከሥር የገባውን ጫፍ በጥርሷ ስባ አወጣችው። ዘንጉ ከካስማው ተለቀቀ። ወደ ሥሩ ወረደችና፣ ግንድ ሳታስተርፍ፣ አፈሩ አጠገብ ቆረጠችው። ቅርጭ አለ። ያንን ድምፅ ከጎሬዋ ሆና ስንት ዓመት ሰምታዋለች፤ ከውጭ ሲሰሙት እንዴት ትንሽ ነው።

«አብልተኸናል። እረፍ» አለችው።

ሁለተኛውን ፈታች፣ ቆረጠች፣ እረፍ አለች። እንዲህ እያለች መደቡን ወረደች። ከጎሬዋ በር አጠገብ ያለውን አንዱን ዘንግ ዘለለችው። ሌላውን ሁሉ ጨርሳ እሱ ዘንድ ተመለሰች። ትታው ሄደች። ተመለሰች። ፀሐይ ሊገባ ሲል እሱንም ቆረጠችው።

የደረቀውን ቄጠማ አውጥታ ውሃ ውስጥ ነከረችው። ቄጠማ ሲነከር እንደገና ይለዝባል። የእሾሄን ቋጠሮ ፈታችና፣ ለጋዎቹን አንድ በአንድ አቅንታ ከካስማው ጋር አሰረቻቸው፤ ሁለት ጊዜ አዙራ፣ ጫፉን ከሥር አስገብታ። የታሰረ ለጋ ቀና ሲል ዙሪያውን ብርሃን ይገባል። ሁሉንም አስራ ስትጨርስ ቄጠማው ተረፈ። እሱ ያጨደው ለአራቱም መደብ እንዲበቃ አድርጎ ነበር። ወስፌ የተረፈውን ይዛ ባዶው የላይኛው መደብ ዳር ብዙ ቆመች፤ ከዚያ ወደ ጎሬዋ መለሰችው።

የተቆረጡትን ዘንጎች አልጣለቻቸውም። እሾሃቸውን ወደ ውጭ አድርጋ አሮጌው አጥር ላይ ደረበቻቸው። ከሁሉ አብልጣ ያጠረችው ላይኛውን መደብ ነው፤ ቆቂት ጣሪያዋን ያጣችው እዚያ ነውና።

ጥቂት ቆይቶ፣ ጎህ ሲቀድ፣ ቀበሮ መጣ። ላይኛው መደብ ራቁቱን መቅረቱን ከጉብታው አይቷል። አጥሩን ግን ግራጫው አሮጌ አጥር መስሎት ናቀው። ዘለለ። አዲሱ እሾህ ወገቡ ላይ ያዘው። ወደ ፊት ሲል ጆሮውን፣ ወደ ኋላ ሲል ጭራውን ያዘው። ዝም ብሎ ሊወጣ ፈልጎ ነበር፤ እሾህ ግን ዝም አያሰኝም። ጮኸ።

ጩኸቱን ጅብ ሰማ። እየሮጠ መጣና ከአጥሩ ማዶ ቆመ።

«ለቅሶ ነው? ሙት ዓመቱ ዛሬ ነው?»

«አውጣኝ፣ አያ ጅቦ።»

«መጀመሪያ ሥጋው የታለ?»

«አውጣኝና አሳይሃለሁ።»

ጅብ ጭራውን ነክሶ ሳበ። ቀበሮ ወጣ፤ ከጭራው ግን ግማሹ ጸጉር አጥሩ ላይ፣ ግማሹ ጅብ አፍ ውስጥ ቀረ። ጅብ አላመጠው።

«ይህ ነው ሥጋው?» አለ። «ይህስ ጸጉር ብቻ ነው።»

ቀበሮ ግን ጉብታውን አልፎ ነበር። ቆቂት ከጎጆዋ አንገቷን አውጥታ «አብሮ አደጉን ሊጠይቅ መጥቶ ነው» አለች። ወስፌ ከመርዶው ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳቀች፤ ሳቋም ቶሎ አለቀ።

ሙት ዓመቱ ደረሰ። ለጋዎቹ ቡናማ ሆነው፣ ጎንበስ እስኪሉ አፍርተው ነበር። ጎረቤቶቹ ሁሉ መጡ፤ ጥንቸል፣ ሚዳቋ፣ ሽኮኮ፤ ቆቂትም አድገው ከእሷ የተካከሉ ልጆቿን አስከትላ። ጅብም ተጠርቷልና መጣ። ወስፌ ቃሏን አልበላችም፤ ላይኛውን መደብ የቆረጠው መንጋጋው ነው፣ ያስቆረጠው ግን ሌላ ነው አለች። ጅብ የቀረበለትን ቅጠል ሙሉ እንጆሪ አሸተተ፤ «ይህ ሥጋ አይደለም» አለ፤ በላው፤ የጥንቸልንም ድርሻ በላ፤ አፉ ሞልቶ እያለም ከሁሉ በላይ ጮክ ብሎ «ነፍስ ይማር» አለ።

እንግዶቹ ሲሄዱ ወስፌ እንደ ልማዷ ወደ በሩ ሄደች። መንገዱን አየች። አባ ኤሊ ይመጣሉ፤ ለሙት ዓመቱ እንዲደርሱ ቀደም ብለው ተነስተው ነበር፣ ሆኖም አልደረሱም። የእሳቸውን ድርሻ በቅጠል ሸፍና አስቀምጣ ነበርና እየበሉ ሳሉ፣ እሷ ወደ ላይኛው መደብ ወጣች። ጅብ ከቆረጠው ሥር አዳዲስ ለጋዎች ብቅ ብለዋል፤ የሚያፈሩት ለከርሞ ነው። ከጎሬዋ የተረፈውን ቄጠማ አመጣች፣ ነከረችው፣ ጎንበስ አለችና ማሰር ጀመረች። እሾኋ ተኝቷል። የቆቂት ታናሽ ልጅ ከጎኗ ተጠግታ ቆማለች፤ አልወጋትም።

ከዚህ የምንማረው፣ ያፈራልንን አመስግነን ማሳረፍ እሱን ዳግም መግደል እንዳይደለ፣ ተቆርጦም አጥር እንደሚሆነን፣ እሱ ሊያስረው የነበረውን ለጋ ግን በቀረልን ቄጠማ ማሰር የእኛ ፋንታ እንደሆነ ነው፤ እናንተም ይህን ያነበባችሁ ሁሉ፣ ለእሾሄና እንደ እሱ «መጣሁ» ብለው በማለዳ ወጥተው ላልተመለሱ ሁሉ፣ ከተቀመጣችሁበት ሳትነሱ አንድ ጊዜ ነፍስ ይማር በሉልን።